የቅዱሳት መጻሕፍትን ሐተታ ስለ መምረጥ



ቅዱስ መጽሐፍን ለምእመናን የሚያስተምር ሁሉ፣ ካህንም ይሁን ካቴኪስት፣ አንድ ቀን በመጻሕፍት መደርደሪያ ፊት ቆሞ «ከእነዚህ ሁሉ የትኛውን ልያዝ?» ማለቱ አይቀርም። በእጁ ያለው ገንዘብ ለአንድ መጽሐፍ ብቻ የሚበቃ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። የተሳሳተ ምርጫ ጉዳቱ በገንዘብ ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን አንድ ሊቅ በግሉ የገመተውን ነገር መምህሩ የቤተ ክርስቲያን እምነት አድርጎ ከአትሮንሱ ላይ ያውጀዋል፤ ወይም በተቃራኒው ቤተ ክርስቲያን በእርግጥ የምታምነውን ነገር «አንዳንዶች እንደሚሉት» ብሎ ያቃልለዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጎዳው ሰሚው ምእመን ነው፤ እርሱ መጽሐፉን አላየውምና የሰማውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ሐተታ በምንመርጥበት ጊዜ ልንመለከተው የሚገባንን፣ በተለይም የሊቃውንትን ልዩ ልዩ አስተያየት ጎን ለጎን አቅርበው የሚያመዛዝኑ መጻሕፍት ስለ ምን እንደሚሻሉ ለማሳየት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

«አንድም» ማለት ለእኛ አዲስ አይደለም

የትርጓሜ መብዛት ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ነገር አይደለም። በግዕዝ ሥርዓት የምንጸልይ ካቶሊካውያን ከኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ጋር በጋራ የወረስነው የአንድምታ ትርጓሜ ስሙን ያገኘው «አንድም» ከምትለው ቃል ነው። መምህሩ ንባቡን ካሰማ በኋላ አንዱን ፍች ይሰጣል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ እንደገና «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያስከትላል፤ ደቀ መዝሙሩም ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። ይህን ትምህርት በጥልቀት ያጠናው እንግሊዛዊው ሮጀር ካውሊ በ1983 እና በ1988 ባወጣቸው ሁለት መጻሕፍት እንዳመለከተው፣ አንድምታው ከአገር ውስጥ ብቻ የፈለቀ ሳይሆን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ድርሳናትና በ11ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረውን የኢብን አል-ጠይብን የዓረብኛ ሐተታ ጨምሮ ከብዙ ምንጭ የቀዳ ነው።

ይሁን እንጂ አንድምታው አብዛኛውን ጊዜ ፍቹን እንጂ የፍቹን ባለቤት አይነግረንም፤ ከፍቾቹም መካከል የትኛው እንደሚበልጥ ሳይፈርድ ያልፋል። ይህ እንደ ጉድለት የሚነቀፍ አይደለም፤ ዓላማው የተቀበሉትን ሀብት ሳያጎድሉ ማስተላለፍ ነበርና። በምዕራብም ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖስ 4ኛ ጥያቄ የአራቱን ወንጌላት የአበው ትርጓሜ ከቁጥር ቁጥር አያይዞ ሲሰበስብ የየአባቱን ስም እየጠራ ነበር፤ መጽሐፉም «ወርቃማው ሰንሰለት» ተብሎ ይታወቃል። ከዛሬው ሐተታ የምንፈልገው ግን ከሁለቱም የሚጨምር ነው፤ ማን ምን አለ፣ በምን ምክንያት አለ፣ የማንስ ምክንያት ያመዝናል?

አንድ ጥቅስ ይዞ መፈተን

መጽሐፍን በሽፋኑ ላይ በተጻፈው ምስጋና መምረጥ አያዋጣም፤ አሳታሚ የራሱን መጽሐፍ ሲነቅፍ አልታየምና። የሚሻለው ክርክር እንዳለበት በእርግጥ የምናውቀውን አንድ ጥቅስ ይዘን መቅረብና መጽሐፉ ስለዚያ ጥቅስ የሚለውን ገልጦ ማንበብ ነው። ለዚህ ፈተና የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 19 የተመቸ ሆኖ አግኝተነዋል። በላቲን ሥርዓት በዘመነ ምጽአት 4ኛ እሑድ፣ በመጀመሪያው የንባብ ዓመት የሚነበብ ስለሆነ ብዙዎቻችን ልንሰብክበት የሚገባን ቃል ነው።

ወንጌላዊው እመቤታችን ፀንሳ በተገኘች ጊዜ ዮሴፍ ጻድቅ እንደነበረ፣ ሊያጋልጣት እንዳልወደደና በስውር ሊተዋት እንዳሰበ ይነግረናል። ነገሩ ሲሰሙት ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን «ጻድቅ» የተባለው በምን ምክንያት እንደሆነና ስለ ምን ሊተዋት እንዳሰበ ከጥንት ጀምሮ አበው ሳይቀሩ የተለያዩበት ቃል ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅና ቅዱስ አውግስጢኖስ ዮሴፍ በእርግጥ ተጠራጥሮ ነበር ይላሉ፤ ጽድቁ የታየው ግን በምሕረቱ ነው፤ በሕግ ሊያስቀጣት ሲችል ለኃፍረት አሳልፎ ሊሰጣት አልፈለገምና። ሌሎች ደግሞ «ጻድቅ» ማለት በአይሁድ ዘንድ ሕገ ሙሴን የሚጠብቅ ማለት እንደሆነ ያስረዳሉ። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 መሠረት እንዲህ ያለችውን እጮኛ በቤቱ ማኖር እንደማይገባው ስላሰበ ሊተዋት ወሰነ፤ ርኅራኄው ደግሞ መተዉ በስውር እንዲሆን አደረገው። በዚህ አተረጓጎም ጽድቁ አንድ ነገር፣ ርኅራኄው ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ ይታገላሉ።

ሦስተኛው አስተያየት ከእነዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ቅዱስ በርናርዶስ እንዳስተማረው ዮሴፍ እመቤታችንን አልጠረጠረም፤ ታላቅ ምሥጢር በእርሷ እንደተፈጸመ ተረድቶ፣ ጴጥሮስ በታንኳው ላይ ጌታን ከእኔ ራቅ እንዳለው ሁሉ፣ ራሱን የማይገባው አድርጎ በመቁጠር በፍርሃት ሊርቅ ፈለገ። በእኛ ዘመንም ኢየሱሳዊው ክሳቪየ ሌዎን-ዱፉር ይህን ሐሳብ ደግፎ ጽፏል። ቅዱስ ሄሮኒሞስ (ጀሮም) በመካከላቸው ይገኛል፤ ዮሴፍ የማርያምን ንጽሕና የሚያውቅ፣ በሆነው ነገር ግን የተደነቀ ስለሆነ ያላወቀውን ምሥጢር በዝምታ ሸፈነ ይላል።

ምክንያቶቹን ደግሞ እንመልከት። ሦስተኛውን የሚይዙት፣ ቁጥር 18 ፅንሱ ከመንፈስ ቅዱስ እንደሆነ አስቀድሞ መናገሩንና መልአኩም ዮሴፍን «አትፍራ» ማለቱን ያነሣሉ። የሚቃወሟቸው ግን ቁጥር 18 ወንጌላዊው ለአንባቢው የሚናገረው ነገር እንጂ ዮሴፍ የሚያውቀው እንዳልሆነ፣ ዮሴፍ አስቀድሞ አውቆት ቢሆን ኖሮም መልአኩ በቁጥር 20 የፅንሱን ምንጭ መግለጹ ትርጉም እንደማይኖረው ይመልሳሉ። አሜሪካዊው ካቶሊካዊ ካህን ሬይመንድ ብራውን በ1977 ስለ ጌታ ልደት በጻፈው፣ በ1993ም አስፋፍቶ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ሦስቱን አስተያየቶች በየተራ አቅርቦ፣ የእያንዳንዱን ብርታትና ድካም አሳይቶ፣ በመጨረሻ ሕግን በመጠበቅ የሚተረጉመውን መርጧል። አንባቢው በብራውን ምርጫ ባይስማማ እንኳ በርናርዶስን የሚከተልበት ምክንያት ከዚያው መጽሐፍ ያገኛል። ጥሩ ሐተታ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው፤ የማይቀበለውን ሐሳብ ባለቤቶቹ ራሳቸው ሊያቀርቡት በሚወዱት መንገድ አቅርቦ ከዚያ በኋላ የሚፈርድ።

አሁን ይህን ጥቅስ ይዘን ወደ መደርደሪያው ብንመለስ መጻሕፍቱ ራሳቸውን ይገልጣሉ። አንዱ «ዮሴፍ ማርያምን ጠረጠራት» ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደመድማል፤ ሌላ አስተያየት መኖሩንም አያነሣም። ይህን ብቻ ያነበበ ካቴኪስት በሕፃንነታቸው የዮሴፍን አክብሮትና ፍርሃት ሲሰሙ ባደጉ አረጋውያን ፊት ቢያስተምር ቅር ያሰኛቸዋል፤ የሚመልስላቸውም አይኖረውም። ሌላው መጽሐፍ ደግሞ የአሥራ አምስት ጸሐፊዎችን ስም ደርድሮ ምንም ሳይፈርድ ያልፋል። እንዲህ ያለው ለተመራማሪ መዝገብ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ለእሑድ ስብከት የሚዘጋጅ ካህን ግን ከእርሱ የሚያተርፈው ራስ ምታት ነው።

የእምነት ጉዳይና የሊቃውንት አስተያየት

አስተያየቶችን ማነጻጸር ሁሉም ነገር ያልተወሰነ ነው ማለት አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1943 «ዲቪኖ አፍላንቴ ስፒሪቱ» በተሰኘው መልእክታቸው ቤተ ክርስቲያን በሥልጣኗ ትርጉማቸውን የወሰነችላቸው ጥቅሶች ጥቂቶች እንደሆኑና በሌሎቹ ሊቃውንት በነጻነት እንዲደክሙ አስገንዝበዋል። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ በኅዳር 1965 ባወጣው «ዴኢ ቬርቡም» ደግሞ በቁጥር 12 ተርጓሚው የጸሐፊውን ሐሳብና የአጻጻፉን ዓይነት እንዲመረምር ካዘዘ በኋላ፣ የቅዱስ መጽሐፍን አንድነት፣ የመላዋን ቤተ ክርስቲያን ሕያው ትውፊትና የእምነትን ስምምነት እንዲመለከት ያክልበታል። እንግዲህ ሐተታው በየትኛው ነጥብ ላይ ነጻ ክርክር እንዳለ፣ በየትኛውስ ላይ ቤተ ክርስቲያን እንደተናገረች ለይቶ ሊያሳየን ይገባል።

ለዚህም «የጌታ ወንድሞች» የሚለውን እንይ፤ በአገራችን ከሌሎች ክርስቲያኖች ጋር በሚደረግ ውይይት ሁሉ የሚነሣ ነውና። በማቴዎስ 13፥55 የአራቱ ስም ተጽፏል። በ4ኛው መቶ ዓመት ሄልቪዲዩስ የሚባል ሰው በሮም ተነሥቶ እነዚህ ከጌታ ልደት በኋላ ማርያም ከዮሴፍ የወለደቻቸው ናቸው አለ። ቅዱስ ሄሮኒሞስ በ383 ገደማ መልስ ጽፎበት ወንድም የሚለው ቃል በዕብራይስጥ አነጋገር የቅርብ ዘመድንም እንደሚያካትት፣ የተባሉትም የሌላይቱ ማርያም ልጆች እንደሆኑ አስረዳ። በዚያው ዘመን የቆጵሮሱ ቅዱስ ኤጲፋንዮስ ዮሴፍ ከቀድሞ ሚስቱ የወለዳቸው ናቸው የሚለውን፣ በ2ኛው መቶ ዓመት በያዕቆብ ስም በተጻፈው መጽሐፍም የሚገኘውን ትውፊት አጸና። ብዙዎቹ የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ይህን ይከተላሉ።

የእመቤታችን ዘላለማዊ ድንግልና የቤተ ክርስቲያን እምነት ነው። በ1992 የታተመው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 499 ይመሰክረዋል፤ በቁጥር 500 ደግሞ ወንድሞች የተባሉትን የቅርብ ዘመዶች ናቸው ብሎ ያብራራል። ስለዚህ የሄሮኒሞስና የኤጲፋንዮስ ልዩነት በአንድ እምነት ውስጥ ያለ የአተረጓጎም ልዩነት ሲሆን፣ የሄልቪዲዩስ ግን እምነቱን የሚነካ ነው። ሦስቱን በአንድ መስመር ደርድሮ «የወደዳችሁትን ምረጡ» የሚል ሐተታ ለካቶሊካዊ መምህር የሚያስፈልገውን ዋና ነገር አጉድሏል።

በሌላ በኩል ካቶሊካዊው ሊቅ ጆን ማየር በ1991 ስለ ታሪካዊው ኢየሱስ በጀመረው ሰፊ ሥራ 1ኛ ቅጽ ላይ፣ እምነትንና የኋላ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትን ወደ ጎን አድርጎ በታሪክ ምርምር ብቻ ሲታይ ወንድሞቹ የሥጋ ወንድሞች መሆናቸው ይበልጥ የሚመስል ነው ሲል ደምድሟል። ይህን ዓረፍተ ነገር ከግማሹ ቆርጦ ያነበበ ሰው፣ ወይ ደንግጦ መጽሐፉን ይወረውራል፣ ወይ «የእኛው ካህን እንኳ እንዲህ ብሏል» ብሎ ይከራከርበታል፤ ማየር ያስቀመጠውን ገደብ ግን ሁለቱም አላዩትም። የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ ሊቃውንት በአንድነት ሠርተው በ1978 ያወጡት በሐዲስ ኪዳን ስለ ማርያም የተጻፈ ጥናት የደረሰበት መደምደሚያ በእኛ አስተያየት የበለጠ ጠቃሚ ነው፤ ሐዲስ ኪዳን ብቻውን ጥያቄውን ያለ ጥርጥር እንደማይቋጨው፣ ምላሹም በከፊል ለኋለኛው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በምንሰጠው ሥልጣን ላይ እንደሚመሠረት በግልጽ አስቀምጧል። ተከራካሪዎቹ ራሳቸው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው የሚለያዩበትን ነጥብ በስምምነት ሲጽፉ ማየት ብርቅ ነው።

ጳጳሳዊው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሚሲዮን በ1993 ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜ በቤተ ክርስቲያን ያወጣው ሰነድም በዚህ ረገድ ይረዳል። የታሪካዊውን ምርምር፣ የትረካውንና ሌሎቹን የጥናት መንገዶች እያንዳንዳቸውን አንሥቶ ጥቅማቸውንና ወሰናቸውን ስለሚናገር ራሱ የማመዛዘን ትምህርት ነው። ቃሉን ከታሪኩ ነጥለው በቁሙ ብቻ የሚወስዱትንም አጥብቆ ይነቅፋል። ረጅም ስላልሆነ ሐተታ ከመግዛት በፊት ቢነበብ መልካም ነው።

ስለ አንዳንድ መጻሕፍት

ለአንድ ቁምስና መጀመሪያ የሚሆነው መላውን ቅዱስ መጽሐፍ በአንድ ቅጽ የሚያብራራ ሐተታ ነው። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ፣ ብራውን፣ ጆሴፍ ፊትዝማየርና ሮላንድ መርፊ ያዘጋጁት የ1990ው አዲሱ የጀሮም ሐተታ ከ1,400 ገጽ በላይ ያለው ሲሆን ካቶሊካውያን ሊቃውንት የጻፉት ነው። ከ1968ቱ የቀደመ እትም ታድሶ የወጣ ሲሆን፣ በ2022 ደግሞ በሌሎች አዘጋጆች ለ21ኛው መቶ ዓመት የተባለው ተተኪው ታትሟል። ጉድለቱ ከጥበቱ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ነገር በጥቂት ቃል ስለታመቀ ተቃራኒው አስተያየት አንዳንዴ በቅንፍ ውስጥ ባለች አንዲት ሐረግ ብቻ ይጠቀሳል። ስለዚህ ቅንፎቹ ሳይዘለሉ ይነበቡ።

ከዚያ በኋላ በየመጽሐፉ የተዘጋጁ ተከታታይ ሐተታዎች አሉ። የሙሉውን ተከታታይ መግዛት አያስፈልግም፤ በአንድ ተከታታይ ውስጥ እንኳ አንዱ ቅጽ ግሩም ሌላው ተራ ሊሆን ይችላል። ስለ ማቴዎስ ዴቪስና አሊሰን ከ1988 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ያወጡት ሐተታ አስተያየቶችን በቁጥር እየዘረዘረ በማመዛዘን የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የግሪክኛውን ቃል ሳይተረጉም በፊደሉ ስለሚያስገባ ግሪክኛ ላልተማረ አንባቢ በሩ ግማሽ የተዘጋ ነው። ለእንዲህ ያለው አንባቢ ዳንኤል ሃሪንግተን ኢየሱሳዊ በ1991 ስለ ማቴዎስ የጻፈው ይቀላል። ስዊዘርላንዳዊው የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ኡልሪኽ ሉዝ ካቶሊካውያንና ፕሮቴስታንቶች በጋራ በሚያዘጋጁት የጀርመንኛ ተከታታይ ውስጥ ያበረከተው የማቴዎስ ሐተታ ደግሞ አንድ ጥቅስ ባለፉት መቶ ዓመታት እንዴት እንደተተረጎመና ምን ፍሬ እንዳፈራ ይተርካል፤ በእንግሊዝኛም ይገኛል።

ዘመናውያኑ ሐተታዎች አበውን በአጭሩ ስለሚያልፏቸው ከ1998 ጀምሮ በ29 ቅጽ የታተመው የጥንታውያን ክርስቲያኖች ሐተታ ጎናቸው ቢኖር ጉድለቱን ይሞላል፤ የአበውን ቃል በየቁጥሩ ጎን ለጎን ያኖራልና። ንባቡ ራሱ በእጅ ጽሑፎች መካከል የሚለያይ ሲሆን፣ ብሩስ ሜትዝገር በ1971 አውጥቶ በ1994 ያደሰው መጽሐፍ አዘጋጅ ኮሚቴው በውሳኔው ምን ያህል እርግጠኛ እንደነበረ ከኤ እስከ ዲ ባሉ አራት ፊደላት ያመለክታል። እርግጠኝነትን በልክ መግለጽን ሌሎች ጸሐፊዎችም ቢማሩት በወደድን። በእነዚህ የንባብ ንጽጽሮች ውስጥ የግዕዙ ትርጉም ከምስክሮቹ አንዱ ሆኖ እንደሚጠራም በዚሁ እናስታውስ፤ የምዕራብ ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ያወቁት አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 በሮም ያሳተሙትን ሐዲስ ኪዳን ነበር።

ከመግዛት በፊት፣ ከገዙም በኋላ

መጽሐፉ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት ሳይመለከቱ መግዛት አይገባም። የመብት ዘመናቸው ያለፈ አሮጌ ሐተታዎች በአዲስ ሽፋን ታትመው በርካሽ ይሸጣሉ፤ በስጦታ ከሚመጡትም ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። የማቴዎስ ሄንሪ ሐተታ ለምሳሌ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተጻፈ ነው። ለጸሎት የሚጠቅም ነገር አይጠፋውም፤ ነገር ግን ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ስለተገኙት ጥቅልሎች ሊያውቅ አይችልም፣ የዛሬውንም የሊቃውንት ክርክር ሊያነጻጽርልን አይችልም።

በመጽሐፉ መግቢያ ገጽ ላይ የጳጳስ የማሳተም ፈቃድ መኖሩም በልኩ መታየት አለበት። ፈቃዱ መጽሐፉ ከእምነትና ከሥነ ምግባር ስሕተት ነጻ ሆኖ መገኘቱን ያመለክታል እንጂ ፈቃድ ሰጪው በውስጡ ያለውን አስተያየት ሁሉ ተቀበለ ማለት አይደለም። ስለዚህ «ጳጳሱ ፈቅደውታልና የዮሴፍ ነገር እንዲህ ነው» ብሎ መከራከር አይቻልም።

ለስብከት ስንዘጋጅ የተነበበውን ሁሉ ለሕዝብ ማራገፍም አይገባም። የአሥር ደቂቃ ስብከት ሦስት አስተያየት ከነምክንያቱ አይሸከምም፤ ሰባኪው አንዱን መርጦ «ከአበው አንዳንዶቹ እንዲህ ተረድተውታል» ቢል ልኩን ጠብቋል፤ ሌሎቹን ግን ለሚጠይቀው ሰው በልቡ ይያዛቸው። በሳምንቱ መካከል በሚደረግ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ ደግሞ ሦስቱንም ማቅረብ ይቻላል፤ እዚያ ሰው ይጠይቃል፣ ይመልሳል።

ገንዘብ ላጠራቸው ቁምስናዎች አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ሦስት ወይም አራት አጎራባች ቁምስናዎች እያንዳንዳቸው አንድ ዓይነት መጽሐፍ ከሚገዙ፣ አንዱ ባለ አንድ ቅጹን ሐተታ፣ ሁለተኛው በዚያ ዓመት ስለሚነበበው ወንጌል የተጻፈ ሰፊ ሐተታ፣ ሦስተኛው የአበውን ስብስብ ቢገዙና በየሦስት ወሩ ቢለዋወጡ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደኅና ቤተ መጻሕፍት ይኖራቸዋል። የሚለዋወጡት መጻሕፍት በአንድ መዝገብ ላይ ይመዝገቡ፤ የተዋሰው ካህን ወይም ካቴኪስት ስምና ቀኑም ከጎኑ ይጻፍ።